ባኞ ቤትና ኪችንን ለልጆች ሴፍ ማድረግ፦ ሎክ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን አንሱት

ልጅ ዳዴ ማለት ሲጀምር አብዛኛው ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መግዛት ነው፣ የካቢኔት ሎክ፣ የሶኬት ክዳን፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ ጎማ ምናምን። መጥፎ አይደለም። ግን ባኞ ቤትና ኪችን ውስጥ ልጅን ክፉኛ የሚጎዱት ነገሮች ብዙ አይደሉም፣ የፈላ ነገር፣ የተጠራቀመ ውሃ፣ የሚዋጥ መርዝ፣ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክና መውደቅ ናቸው፣ ከነዚህ ደሞ አብዛኛውን የምትቀንሱት ምንም ሳትገዙ ዕቃ ከቦታው በማንሳትና የለመዳችሁትን አንድ ሁለት ነገር በመተው ነው። ሎክ የሚሰጣችሁ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልጁ እስኪከፍተው ድረስ። ስለዚህ ሎክ የሚባለውን ነገር ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፣ ሌላውን ግን በሚያደርሰው ጉዳት ክብደት ነው የደረደርኩት፣ ጊዜ ከሌላችሁ የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ብቻ እንኳን ዛሬ ብትሰሩ ትልቁ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ተንበርከኩና ዙሩ

ስልካችሁን ይዛችሁ በጉልበታችሁ ሁኑና መጀመሪያ ኪችኑን ቀጥሎ ባኞ ቤቱን ቀስ እያላችሁ ዙሩ፣ የምታዩትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ቆማችሁ በየቀኑ የማታዩት ነገር ከዛ ሆናችሁ ፊት ለፊታችሁ ነው የሚመጣው፦ ከሲንኩ ስር የተደረደሩት ጠርሙሶች፣ ከመደርደሪያው ጫፍ የተንጠለጠለ የውሃ ማፍያ ገመድ፣ ከፍሪጁ ስር የገባች ክዳን፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የወደቀ ምላጭ። ቀጥሎ የልጁን ቁመት አትለኩ፣ የሚደርስበትን ለኩ። ቁመቱ ላይ የተዘረጋ እጁን ጨምሩ፣ እዛ ላይ ደሞ በየቤቱ የማይጠፋውን ዱካ ወይም የተገለበጠ ባልዲ ጨምሩ፣ ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው።

መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ እዩአቸው። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ከታች ያለውን መሳቢያ ሙሉ ለሙሉ ይስበዋል፣ ሁለተኛውን ግማሽ ድረስ፣ ሶስተኛውን ትንሽ፣ ከዛ በእያንዳንዱ ላይ እግሩን እያስቀመጠ ወጥቶ የስቶቩ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው እናንተ ፍሪጅ ከፍታችሁ የሆነ ነገር እስክትፈልጉ ድረስ ነው። ስለዚህ «ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ» የሚለው ነገር መውጫ ካለው ዋጋ የለውም።

ትንንሽ ነገሮችን በተመለከተ ቀላል መለኪያ አለ። ለአሻንጉሊት የሚጠቀሙት የመፈተሻ ሲሊንደር ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ውስጥ የሚገባ ነገር የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ቤት ውስጥ ግን ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ተጠቀሙ፣ ባዶ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ጥሩ ነው፣ በሱ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሬት ላይ መገኘት የለበትም።

ደረጃ 2፦ ከቧንቧ የሚመጣውን ሙቅ ውሃ ለኩ

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ምክንያቱም ውሃ እሳት ላይ ያልተጣደ ከሆነ አያቃጥልም ብለን ነው የምናስበው። ቁጥሮቹን እዩ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ የትልቅ ሰውን ቆዳ ጥልቅ ቃጠሎ ለማድረስ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይበቃዋል። 66 ዲግሪ ሲሆን 2 ሰከንድ። ወደ 49 ዲግሪ ሲወርድ ግን 5 ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል። የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከነዚህም ባጠረ ጊዜ ነው የሚቃጠለው። አስቡት፣ በ11 ዲግሪ ልዩነት ሰከንዱ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ በአንድ ቁልፍ ማዞር ይሄን ያህል የምታተርፉበት ሌላ ቦታ የለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሙቁን ቧንቧ ብቻ ክፈቱና ሁለት ሶስት ደቂቃ ይፍሰስ፣ ከዛ ኩባያ ውስጥ ቅዱና ወዲያው የምግብ ቴርሞሜትር ክተቱበት። ከ50 በላይ ካነበበ ቦይለሩ ላይ ያለውን ቴርሞስታት ዝቅ አድርጉት፣ ጥቂት ሰዓት ጠብቁና ድጋሚ ለኩ፣ ምክንያቱም ቦይለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቧንቧው ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

አንድ ችግር ግን አለ፣ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ትልቅ ታንከር ያለው ቦይለር ውስጥ ውሃው ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ከቆየ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይመቸዋል፣ 60 ላይ ይሞታል። ስለዚህ ታንከሩን 60 ላይ ትታችሁ ውሃው ወደ ባኞ ቤት ከመግባቱ በፊት ሙቅና ቀዝቃዛውን በራሱ የሚቀላቅል ቴርሞስታቲክ ሚክሲንግ ቫልቭ ማስገጠም ነው የተሻለው፣ ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይፈታል። ቧንቧ ሰራተኛ የሚሰራው ነው። ሻወሩ ላይ ያለው ትንሹ ቅጽበታዊ ማሞቂያ ከሆነ ውሃ ስለማያጠራቅም ይሄ የባክቴሪያ ጉዳይ ብዙም አያሳስብም፣ ዝቅ አድርጉት በቃ።

ገንዳ ወይም ሳፋ ስትሞሉ ሁሌ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ ከዛ ሙቁን፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀዝቃዛ ደግማችሁ ልቀቁ። የመጨረሻዋ ቀዝቃዛ ያለ ምክንያት አይደለችም፣ የቧንቧውን ብረት ታበርዳለች፣ ልጁ ሲይዘው እጁ አይቃጠልም። ለመታጠቢያ 37 ወይም 38 ዲግሪ ይበቃል፣ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በክርናችሁ ሞክሩት፣ መዳፍ ስለለመደ ይዋሻል። ልጁን ስታስገቡት ቧንቧው ከጀርባው ይሁን፣ ፊት ለፊቱ ካለ መክፈት ነው ቀጣይ ሥራው።

ደረጃ 3፦ የተጠራቀመ ውሃ እንዳይኖር

ትንሽ ልጅ 5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፣ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ከሆነ በቃው። ሰው የሚጠብቀው ጩኸት፣ ውሃ መምታት፣ መንፈራገጥ ነው፣ እንደዛ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ድምጽ የለውም፣ ጎን ካለው ክፍል ሆናችሁ ምንም አትሰሙም። ስለዚህ «እየሰማሁት ነው» የሚባል ጥበቃ የለም።

ባልዲን የተለየ የሚያደርገው የልጁ አካል አሰራር ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ከላይ ከባድ ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፣ ባልዲው ጫፍ ላይ ሆዱን አስደግፎ ውስጡ ያለውን ነገር ሊነካ ጎንበስ ሲል እግሩ ከመሬት ይነሳል፣ አንዴ ከተነሳ ደሞ እጁ ራሱን ገፍቶ ለመውጣት አቅም የለውም። ባልዲውም ወለል የማጠቢያ ውሃ ስላለበት ከባድ ነው፣ አይገለበጥም። ሕጉ አንድ ነው፦ ሥራው እንዳለቀ ውሃው ይደፋ፣ ባልዲው ተደፍቶ ይቀመጥ። የዳይፐር ጨርቅ የሚዘፈዘፍበት ሳፋም እንደዛው። ውሃ ማጠራቀም የግድ ከሆነባችሁ ክዳኑ የሚጠበቅ ወይም የሚቆለፍ ዕቃ ተጠቀሙ፣ በሳህን ወይም በጣውላ የተከደነ በርሜል አይቆጠርም።

ልጅ እያጠባችሁ ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ፣ የጣዳችሁት ቢገነፍል፣ ልጁን በፎጣ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ከገንዳው ውስጥ የሚለጠፈው መቀመጫ፣ ልጁን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ማለቴ ነው፣ የመታጠቢያ ዕቃ ነው እንጂ የደህንነት ዕቃ አይደለም፣ ይገለበጣል፣ ልጁም ሾልኮ ይወጣል፣ ወላጅን ደሞ «ለአንድ ደቂቃ» እንዲሄድ ስለሚያደፋፍረው እኔ በግሌ ባይገዛ እመርጣለሁ። የ6 ወይም የ7 ዓመት ታላቅ እህት ጠባቂ አይደለችም፣ ራሷም ልጅ ናት፣ እንደዛ ያለ ኃላፊነት አትጫኑባት።

ከመታጠብ በፊት ፎጣ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ ልብስ ሁሉ እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን፣ ብዙ አደጋ የሚነሳው የሆነ ነገር ሊያመጡ ከሄዱበት ነው። ሲጨርሱ ልጁን መጀመሪያ አውጡ፣ ከዛ ወዲያው ገንዳውን ክፈቱት፣ ባዶ እስኪሆን ድረስም አትሂዱ። የሽንት ቤት ክዳን ይዘጋ። የባኞ ቤት በር ከውጭ ከፍ ብሎ በ1 ሜትር ተኩል አካባቢ መንጠቆ ወይም መቀርቀሪያ ይደረግለት፣ ከዚህ መመሪያ ውስጥ በዋጋ ትንሹ በጥቅም ትልቁ ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም በሩ ከተዘጋ ውሃውም፣ መድሃኒቱም፣ የሚያንሸራትተው ወለልም ሁሉም አብረው ተዘጉ። ፊት ለፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ በሩን ዝጉት፣ ልጅ ውስጡ መግባት ይወዳል።

ደረጃ 4፦ ከሲንክ ስር ያለውን ሁሉ አውጡ

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በየቤቱ አደገኛው ኬሚካል የሚቀመጠው ልጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ነው፣ ከሲንክ ስር። እዛ ላይ ሎክ ከማሰር ይልቅ ይዘቱን መቀየር ይሻላል። ድስት፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ ስፖንጅ እዛ ይግባ፣ በረኪና፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ የቱቦ መክፈቻ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ታብሌት፣ የዝንብና የበረሮ መርዝ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ባለ፣ ከስሩ መወጣጫ በሌለው፣ የሚቆለፍ መደርደሪያ ላይ ይሂድ።

ሁሉም እኩል አደገኛ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚገኘው ቀጠን ያለ በረኪና አንድ ጉንጭ ቢጠጣ ብዙ ጊዜ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ያቃጥላል። የቱቦ መክፈቻና ኮስቲክ ሶዳ ግን የምግብ ቧንቧውን ያቃጥሉታል፣ ልጁ ቢተርፍም ጠባሳው ቧንቧውን አጥብቦ ለዓመታት መዋጥ የሚያስቸግረው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ልጅ ትንሽ እስካለ ድረስ ቤት ውስጥ ባታስቀምጡ ነው የምመክረው፣ ቱቦ በፓምፕና በሽቦም ይከፈታል።

ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ የትም አገር የሚደረግ ነገር ነው፣ የትም አገር ደሞ ልጅ ይጠጣዋል። ጋዝ ከሆድ ይልቅ ሳንባ ነው የሚጎዳው፣ ሲውጡትና በተለይ ሲያስመልሱት ጠብታው ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከባድ የሳንባ ቁስለት ያመጣል። የትኛውንም ኬሚካል ከመጣበት ዕቃ ውጭ ወደ ሌላ አትገልብጡ፣ የግድ ከሆነ ምግብና መጠጥ ይዞ የማያውቅ ዕቃ ይሁን፣ ስሙም ይጻፍበት።

አጽዱ ብላችሁ ደሞ አትቀላቅሉ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ክሎራሚን፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል፣ ጠባብና መስኮት የሌለው ባኞ ቤት ውስጥ ይሄ ትልቅ ሰውንም ይጥላል። አንዱን ተጠቅማችሁ በደንብ ካጠባችሁ በኋላ ብቻ ሌላውን።

መድሃኒት ባኞ ቤት አይቀመጥ፣ እርጥበቱም ያበላሸዋል። «ለልጅ አይከፈትም» የሚባለው ተጭኖ የሚዞር ክዳን ሲመረመር መስፈርቱ አብዛኞቹ ልጆች በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ እንዳይከፍቱት ነው፣ ሁሉም ልጅ ፈጽሞ አይከፍተውም ማለት አይደለም። በተለይ እናት በእርግዝና ጊዜ የምትወስደውን የአይረን ክኒን ልብ በሉ፣ ስኳር የተቀባና ባለ ቀለም ስለሆነ ከረሜላ ይመስላል፣ ቫይታሚን ነው ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይተዋል፣ ጥቂት ፍሬ ግን ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ልጅ መድሃኒት እንዲወስድ ለማባበል «ከረሜላ ነው» ማለትን ተዉት።

ክቧ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደሞ የራሷ ጉዳይ ናት። የኪችን ሚዛን፣ የሰውነት ሚዛን፣ የሰዓት ቆጣሪ፣ የትንሽ መብራት ሪሞት ውስጥ አለች። ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለች፣ መርዙ ፈሶ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ነው የሚያቃጥለው፣ ስለዚህ «ያለቀ ባትሪ ነው» ብላችሁ አትረጋጉ። የባትሪ ቤቱ በብሎን የማይዘጋ ዕቃ ካላችሁ በጠንካራ ፕላስተር ጠቅልሉት ወይም አውጡት ከቤት።

ደረጃ 5፦ የስቶቩ ዙሪያ

ወለሉ ላይ ከስቶቩ 1 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጥፉ፣ እሳት ሲኖር ልጅ ከዛ መስመር አያልፍም። ትንሹ መስመሩ አይገባውም፣ እሱን አልጋው ወይም ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ አድርጉት፣ የ3 ዓመቱ ግን በሚገርም ሁኔታ ያከብረዋል፣ እናንተንም ቢሆን ያስጠነቅቃችኋል።

የኋላውን ምድጃ አስቀድማችሁ ተጠቀሙ፣ የድስትና የመጥበሻ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፣ ግን ሌላ እሳት ላይ እንዳይሆን። የማፍያ ገመድ መንጠልጠል የለበትም፣ አጭር አድርጋችሁ እሰሩት፣ ማፍያውንም ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ ልጅ ገመዱን ሲስብ የፈላው ውሃ ፊቱ፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ነው የሚመጣው። የጠረጴዛ ልብስም ያው ገመድ ነው፣ ልጅ እስኪያድግ አውጡት።

ትኩስ ሻይ ወይም ቡና ከተቀዳ ከ15 ደቂቃ በኋላም ልጅን ሊያቃጥል ይችላል፣ ለእናንተ ለብ ያለ የሚመስለው ማለት ነው። ልጅ ታቅፋችሁ ትኩስ አትጠጡ፣ ልጅ አዝላችሁም ሆነ ታቅፋችሁ የፈላ ዘይት ጋር አትቁሙ። ይሄ ሲባል ቀላል ነው፣ ልጁ እያለቀሰ ምግቡ እየገነፈለ ሲሆን ከባድ ነው፣ እንደዛ ሲሆን መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ፣ ከዛ ልጁን አንሱ። ምግቡ ይቆያል።

ኦቨን ያለው ስቶቭ ካላችሁ በሩን ክፈቱና በእጃችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት፣ ከኋላው ወደላይ የሚነሳ ከሆነ ልጅ በሩ ላይ ሲወጣ ሙሉ ስቶቩ ከላዩ ካለው ድስት ጋር ይገለበጥበታል። ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ጋር የሚያስር ብረት አለው፣ ብዙ ጊዜ ከስቶቩ ጋር ይመጣል፣ የሚገጥመው ግን የለም። ትራፓኖ፣ ፊሸርና ሁለት ብሎን ነው የሚፈልገው።

ማይክሮዌቭ ውስጥ ጡጦ አታሙቁ፣ ጠርሙሱ ለብ ብሎ መሀሉ ያለው ወተት ሊያቃጥል ይችላል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ ይሻላል። ቢላዋ ማጠቢያ ሲንክ ውስጥ አረፋ ስር አይተው፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ስሉ ወደታች ይሁን። የሕጻን ማወዛወዣ ወንበር ጠረጴዛና መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፣ ሕጻኑ ሲወራጭ በትንሽ በትንሹ ይንፏቀቃል። ፌስታል የሚሰበሰብበት ቦታ ከፍ ይበል።

ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም። እሳቱን አጥፉ፣ ክዳን ወይም ትሪ አንሸራትታችሁ ክደኑት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት፣ ድስቱን ይዛችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ። ክዳኑ ደሞ ስትጠብሱ አጠገባችሁ ይሁን፣ ያኔ መፈለግ አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ጋዝና ጭስ

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወደታች ይተኛል፣ ማለትም ልጁ የሚጫወትበት ወለል ላይ። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ከተቻለ ከቤት ውጭ አየር የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። ጎማውን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፣ ስንጥቅ ካለው ይቀየር። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡና ቫልቩን ክፈቱ፣ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ማብሰል ስትጨርሱ ሬጉሌተሩ ጋር ያለውን ዝጉ፣ ልጅ የስቶቩን ቁልፍ እያዞረ ቢጫወት እንኳን ጋዝ አይመጣም፣ እንደኔ ከቁልፍ መሸፈኛ ይሄ ይበልጣል። ሽታ ካለ መብራት አታብሩም አታጥፉም፣ ቫልቩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም አይታይም። የጋዝ ማሞቂያ ባኞ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ከነደደ ይፈጠራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ፣ ሁሉም የቤቱ ሰው አንድ ላይ ከታመመና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ጠርጥሩ። ከሰል ተዘግቶ በሚታደርበት ቤት ውስጥ አይገባም፣ አለቀ። የጋዝ ማሞቂያ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ የሚወጣ መሆን አለበት፣ በዓመት አንዴ ባለሙያ ይየው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ደሞ ከሚገዙት ነገሮች መሀል ዋጋውን የሚያወጣ ነው።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ ራሳችሁ አትሞክሩ። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ የቤቱ ኧርዝ በትክክል የተቀበረና የሚሰራ ነው ወይ። ሁለተኛ፣ ባኞ ቤትና ኪችን የሚሄደው መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፒር የሆነ አርሲዲ፣ ማለትም ከረንት ሲያፈስ መስመሩን በራሱ የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ አለ ወይ። ተራው ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል ነው የሚጠብቀው፣ ሰው ሲያዝ አይቆርጥም፣ አርሲዲ ግን የሄደውና የተመለሰው ከረንት ሲለያይ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። «ቴስት» የሚል ቁልፍ አለው፣ በየጥቂት ወሩ ተጫኑት፣ ካልቆረጠ ይቀየር። በተለይ ሻወሩ ኤሌክትሪክ ከሆነ ያለ ኧርዝና ያለ አርሲዲ ልጅ አታስታጥቡበት።

ሶኬት ከገንዳው ወይም ከሻወሩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፈጽሞ አይኖርም፣ ይሄ ዝቅተኛው ነው፣ ብዙ አገሮች ከዚህ በጣም አርቀው ነው የሚያዙት። ጸጉር ማድረቂያና የስልክ ቻርጀር ባኞ ቤት አይገቡም፣ ማድረቂያ ቢጠፋም እንኳን ከተሰካ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይገድላል።

ደረጃ 8፦ ወለሉ፣ በሩ፣ መስታወቱ

አዲስ ሴራሚክ የምታስነጥፉ ከሆነ ለእርጥብ ባዶ እግር የሚሰጠውን ደረጃ ጠይቁ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል፣ ለሻወር ቢያንስ ቢ ይሁን፣ የሚያብረቀርቀውን ተዉት። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ያለው ሴራሚክ ላይ ደሞ ከስሩ የሚመጥ ምንጣፍ ተጠቀሙ፣ ከታጠባችሁ በኋላ አንስታችሁ ስቀሉት፣ ካልሆነ ስሩ ይሻግትና እሱ ራሱ ያንሸራትታል። የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይችልም፣ መያዣ ከፈለጋችሁ መያዣ ተብሎ የተሰራውን ግድግዳው ላይ በደንብ አስበስታችሁ አስገጥሙ።

በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ከውጭ በሳንቲም ወይም በብሎን መፍቻ የሚከፈት ዓይነት ይሁን፣ ልጅ ራሱን ቆልፎ ቧንቧ ከፍቶ ሲያለቅስ በር መስበር አያስፈልግም። የሻወር መስታወት ጥግ ላይ ቴምፐርድ (የተጠናከረ መስታወት) መሆኑን የሚገልጽ ማህተም ፈልጉ፣ ከሌለው ሲሰበር እንዳይበተን የሚይዝ ፊልም ይለጠፍበት።

ደረጃ 9፦ አሁን ሎኩን ግዙ

እስካሁን የተረፈ ነገር ካለ ማለት ነው። በማጣበቂያ የሚለጠፉት ለመግጠም ቀላል ናቸው ግን ከስቶቩ አጠገብ ሙቀቱና ቅባቱ ያላቅቃቸዋል፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፣ አንድ ቀንም ሳትነኩት ይደር። ከውስጥ በብሎን የሚገጠመው፣ በተለይ ማግኔት ቁልፍ ያለው፣ በጣም ጠንካራው እሱ ነው፣ ቁልፉን ግን ፍሪጁ ላይ አትለጥፉ፣ ልጅ እያየ ነው። ትልቅ ሰው በየቀኑ አስር ጊዜ የሚከፍተው መሳቢያ ላይ ሎክ አታስሩ፣ ሁለት ቀን ታግሳችሁ ክፍት ትተዉታላችሁ። አንድ የታችኛ ካቢኔት ደሞ ለልጁ ተዉለት፣ የፕላስቲክ ሳህንና የእንጨት ማንኪያ ይኑርበት፣ ሌላውን የመክፈት ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ደረጃ 10፦ ይሄን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት

ቃጠሎ፦ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ፣ በሰዓት እየያዛችሁ፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል። ልብስና ጌጥ አውልቁ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትሳቡ። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ምንም አይቀባም። በንጹህ ጨርቅ ወይም በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ የቀረውን ሰውነቱን አሙቃችሁ ሐኪም ጋር።

ኬሚካል ከዋጠ አታስመልሱት፣ አፉን ጥረጉለት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ።

ክብ ባትሪ ከዋጠ ምልክት አትጠብቁ፣ ወዲያው ራጅ ያለበት ሆስፒታል። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መዋጥም ከቻለ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ይሰጠዋል፣ ከ6 ጊዜ አይብለጥ፣ ማር ፍለጋ ግን ጉዞው አይዘግይ። ሌላ ምግብና መጠጥ የለም።

ከውሃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል፣ ደረት መጫን ብቻ አይበቃውም። ይሄን በጽሁፍ መማር አይቻልም፣ የሲፒአር ስልጠና ውሰዱ፣ ልጁን የምትይዘው ሞግዚትም ትውሰድ።

ደረጃ 1ን ልጁ አዲስ ነገር በጀመረ ቁጥር ድገሙት፣ ዳዴ ሲል፣ ሲቆም፣ ሲወጣ፣ ክዳን ማዞር ሲችል። እንግዳ ሲመጣም እንደዛው፣ አያት ከመጣች ቦርሳዋ ውስጥ የደም ግፊት ወይም የስኳር ክኒን ይኖራል፣ ቦርሳዋም ሶፋው ላይ ነው የሚቀመጠው። ስትገባ ተቀብላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስቀሉላት።